ለጤና ያድርግልን

በቋንቋችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ሰው ስለ ጤናህ ይጠይቅሃል፤ አንተ በምስጋና ትመልሳለህ። «እንደምን አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ደህና ነህ ወይ?» «ተመስገን።» «ሆድህንስ እንዴት ሆንክ?» «አሁንስ ተመስገን ነው።» ጠያቂው ምስጋናውን ሰምቶ ይሄዳል እንጂ ጤናውን ሰምቶ አይሄድም። እንዲሁም በላተኛ ከማዕድ ሲነሳ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ባለቤቲቱም «ለጤና ያድርግልህ» ትላለች። ምስጋናን በጤና ትከፍላለች ማለት ነው። እንግዲህ ጤናና ምስጋና እንደ ጥማድ በሬ በአንድ ቀንበር የተያዙ ናቸው። እኔ ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ሁለቱ በሬዎች አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሲጎትቱ ስላየሁ ነው። ያየሁትም በበዓል ቀን፣ በገዛ ቤታችን፣ በእናቴ ላይ ነው።

አገሬ ጮሌ ነው። ይህን ስል መኝታ ክፍላችን ውስጥ የማይስቅ የለም። «ከየት ነህ?» «ከጮሌ።» «ጮሌነትህንማ አይተናል፤ የጠየቅንህ አገርህን ነው!» እየተባለ አንደኛ ዓመቴ በዚሁ አለቀ። ጮሌ በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተምሥራቅ የምትገኝ ወረዳ ናት። ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር ይዘራባታል፤ ጧት ጧት ጉሙ ከሜዳው ሳይነሳ ይረፍዳል፤ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ አፍ ይነገርባታል፤ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ነፋስ ይሰማባታል። በእኛ ቤትና በጎረቤታችን በአዴ ቤት መካከል ያለው አጥር እንኳ መሹለኪያ አለው፤ ያበጀነውም እሳት ለመጫር የምንላላክ የሁለቱ ቤት ልጆች ነን። አዴ ማለት በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው፤ እኛ ስማቸውን ትተን በዚሁ ብቻ እንጠራቸዋለን።

በጮሌ በዓል የብቻ አይደለም። ለፋሲካ እናቴ ከምትደፋው ዳቦ አንደኛው ለአዴ ቤት ነው፤ ለኢድ ደግሞ ከእነሱ ቤት ጭኮ በሳህን ይመጣልናል። የአርሲን ጭኮ ያልቀመሰ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገብስ ተቆልቶ ይፈጭና በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፤ ሳይበላሽ ብዙ ስለሚቆይ የመንገደኛና የተማሪ ስንቅ ነው። እኔ ይዤው የመጣሁት ግን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሮ አያውቅም። ሥጋ ሲሆን ማዕዱ ይለያል። ክርስቲያን የባረከውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም የባረከውንም ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ እናቴ ለአዴ ወተትና ዳቦ፣ ቡናና ቆሎ ታቀርባለች፤ ወጥ ካስፈለገም በሌላ ድስት ሽሮ ወይ ምስር ይሠራላቸዋል። በዚህ የተቀየመ ሰው ተወልጄ እስካድግ አላየሁም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ።

እናቴ ስኳር በሽታ እንዳለባት የታወቀው በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ውሃ ይጠማት ነበር፤ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ወደ ደጅ ትወጣ ነበር፤ ቀሚሷ እየሰፋት ሄደ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባትም አቃታት። ሰው ሲጠይቃት «ተመስገን» ትላለች። እኔ በስልክ ስጠይቃት «ተመስገን፤ አንተ ብቻ በርታ» ትለኛለች። እህቴ ስትጠይቃት «ተመስገን፤ ዕድሜ ነው» ትላታለች። ውሸቷን አልነበረም። በእሷ አስተሳሰብ አመስጋኝ ሰው «አመመኝ» አይልም፤ እንዲያ ማለት የተሰጠውን መናቅ፣ በፈጣሪም ላይ ማጉረምረም ነው። በመጨረሻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ከደጅ አገኘቻት፤ ከሲታነቷን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻት። ጧት በባዶ ሆዷ ደሟ ሲለካ 286 ሆነ። ሐኪሞች ለስኳር በሽታ የሚያሰምሩት መስመር በባዶ ሆድ 126 ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ምስጋናም መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል የነገረን የለም።

ሁለት ዓይነት ክኒን ተሰጣት፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ይዋጣል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ፣ እሱን ውጦ ያልበላ ሰው ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። ያን ጊዜ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካልቀመሰ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። ይህ መድኃኒት ለማን ተሰጠ? ለእናቴ! መቼ? ዓቢይ ጾም ሊገባ ወር እንኳ ሳይቀረው!

በዚያ ዓመት ጾሙ የካቲት 17 ቀን ገባ፤ ርዝመቱ እንደ ወትሮው 55 ቀን ነው። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባና ጮሌ ሁለት ጾም በአንድ ላይ ጾመች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ናት፤ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ደግሞ እህል ውሃ ሳትቀምስ ታከፍላለች። ንስሐ አባቷ «ክኒንሽን በሰዓቱ፣ ከጾም ምግብ ጋር፤ ማክፈሉም ይቅር» አሏት። ቃላቸውን ተቀበለች፤ ልቧ ግን አልተቀበለውም። ያን ጊዜ አዴ በመሹለኪያው ብቅ አሉ። ባለቤታቸው ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመታቸው ነው፤ በመርፌ ነው የሚኖሩት፤ ስለዚህ ረመዳንን አይጾሙም፤ ስለ እያንዳንዱ ቀን ፈንታ ድሃ ያበላሉ። አዴም ለእናቴ «ጌታ የማረሽን አንቺ በራስሽ ላይ ምን ያስጨክንሻል?» አሏት። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። ከዚያ በኋላ እናቴ ጧት ጧት መብላት ጀመረች። በር ዘግታ ግን ነበር የምትበላው።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። እኔ ዓርብ ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ አሰላ አክስቴ ዘንድ አድሬ፣ ቅዳሜ ጮሌ ገባሁ። ማታ እናቴ ራቷን ከክኒኗ ጋር ቀማምሳ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የነጠላዋን ጫፍ እንደ ወትሮዋ ቋጥራለች፤ የምጽዋት ሳንቲም የምትቋጥርበት ነው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሕዝቡ ጧፍ ጧፉን ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ትከሻዬን ያዘችኝ። ዞር ብዬ ሳያት በዚያ ብርድ ግንባሯ ላብ አውጥቷል።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ተመስገን» አለች እንደ ልማዷ። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ፣ «ይንቀጠቀጣል፤ እግሬ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ።

ስለ ራሷ እንዲህ ብላ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የነጠላዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። ሳንቲም አልነበረም፤ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ነበር፣ ነርሷ እንደ ነገረቻት ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ቃመችው። አጠገባችን ያሉ አንዲት አሮጊት አዩዋት። እኔ የሚሉትን ስጠብቅ፣ እሳቸው ምንም ሳይሉ ሸርተት ብለው ቦታ ለቀቁላትና «ቁጭ በይ ልጄ» አሏት። ሩብ ሰዓት ያህል እግራቸው ሥር ተቀመጥን። ላቡ ቆመ፤ እጇም ረጋ። ቅዳሴው ሲያበቃ በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገባች።

ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሆድ እንዴት እንደሚፈታ አባቶቻችን ያውቁበት ነበር። ዶሮ ሲጮኽ መጀመሪያ ተልባ ይጠጣል፣ አንጀት እንዲለሰልስ፤ ከዚያ ጥቂት ዶሮ ወጥ ይቀመሳል፤ ከዚያ ይተኛል። ጣጣው የሚመጣው ሲነጋ ነው። ሲነጋ ዘመድ ይመጣል፤ ዘመድ ሲመጣ ማዕድ ይነሳል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ለመጣው ሁሉ ደግሞ እንደ አዲስ ይበላል። «ቅድም በልቻለሁ» ማለት ለባለቤቱ ስድብ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ሁለተኛው ይመጣል፤ ሁለት ደግሞ ጎዶሎ እንዳይሆን ሦስተኛው ይከተላል። እኛ ተማሪዎችማ «ካፌ አመንምኖት መጣ» ተብሎ ስለሚታዘንልን የሦስት ሰው ድርሻ እንጎርሳለን። በማግስቱ ሆዳችንን ይዘን የምንንከላወሰውም እኛው ነን።

ያን እሑድ ቤታችን ውስጥ ሃያ ሰው ይሆናል። አያቴ ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አጎቴ ከአዳማ አንድ ጀሪካን ጠጅ ይዞ መጥቷል። የቅርጫው ሥጋ ከገባ ጀምሮም «ቢላዋ የለም እንዴ?» እያለ ነው፤ ቁርጥ ይወዳል። አባቴ «ዘንድሮ ጥብስ ነው» ብሎ ሥጋውን ወደ ምጣድ ሲልከው፣ አያቴ ሳቁና ስለ ኮሶ ያወሩን ጀመር። በእሳቸው ጊዜ ጥሬ ሥጋ የበላ ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣቱን ያውቅ ነበር፤ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳም ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ዞሮ ይሄዳል። እውነታቸውን ነው። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት ሥጋ ይዞራል፤ ሥጋውን በጥሬው ስንበላ ሆዳችን ገብቶ አራትና አምስት ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። እሳት ካገኘው ግን ያበቃለታል። የኮሶ ዛፍ አበባ ምሬቱ ከባድ ቢሆንም ትሉን የሚያስወጣ እውነተኛ መድኃኒት ስለ ነበር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ወስደው ሠርተውበታል። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ ክኒኖች ተክተውታል።

እኔም ለአያቴ የእማዬም ክኒን ዘሩ ከቅጠል መሆኑን ነገርኳቸው። ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ዕፅ አለ፤ በጥንት ጊዜ ለሕመም ይቀመም ነበር። ከእሱ ንጥረ ነገር ተነስተው ኬሚስቶች ሜትፎርሚንን ሠሩ፤ ዣን ስቴርን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 እ.ኤ.አ. ለስኳር ሕመምተኞች መዋሉን አስታወቀ። አያቴ አዳመጡና «እንግዲያው የእሷም ኮሶ ነው በሉኛ! ኮሶ የጠጣ ደግሞ አይነካም» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። አጎቴ ብርሌውን ሞልቶ ለእናቴ ዘረጋላት።

«እህቴ፣ አንድ ብቻ።»

«አልችልም ወንድሜ።»

«እንዴ! በዓመት አንድ ቀን?»

«ክኒን እወስዳለሁኮ።»

«ለፋሲካ ምን ክኒን አለ? በሞቴ!»

«በሞቴ» ከተባለ ነገር አለቀ ማለት ነው። የወንድም ሞት ተጠርቶ እምቢ አይባልም። የእናቴ እጅ ወደ ብርሌው ሲሄድ አየሁ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱን የሚወዳት በዚያ ጠጅ ነው፤ ከአዳማ ድረስ የተሸከመውም ለእሷ ነው። ፍቅር ባይሆንማ ማን ይፈራው ነበር?

አዴ ከማዶ ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲኒውን አስቀመጡና አጎቴን ጠሩት።

«እኔ እዚህ ቤት መግባት ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ ነው?»

«ኧረ አዴ፣ ይህ ልጅ ሳይወለድ ነው» አለ፣ እኔን እያሳየ።

«በሞቴ ጠጅ ጠጪ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ምን በወጣኝ! ሃይማኖትዎ ነው እንጂ።»

«የእኔን ሕግ ታከብራለህ። የእሷን ሐኪም ሕግስ ለምን አታከብርላትም? በል ብርሌህን መልስ። እሷ ዛሬ ከእኔ ጋር ከአንድ ጀበና ትጠጣለች።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ብርሌውን ትንሽ አየውና «እንግዲህ የሁለታችሁንም እኔው እጠጣላችኋለሁ» አለ። እናቴ ሄዳ አዴ አጠገብ ተቀመጠች። እህቴ ያለ ስኳር ቀዳችላት። አባቴ ቡናውን በጨው ነው የሚወደው፤ እሱን ደግሞ ደም ብዛት ስላለበት ጨው ከልክለውታል። «ስኳርም ጨውም የለም፤ የቀረን ቡናው ብቻ ነው!» ብሎ አጉረመረመ። አዴ ግን «ቡናውስ ምን አነሰው?» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። እኛ «አይሆንልኝም» ያለን ሰው ማክበር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ጮሌ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሁለት ማዕድ ይቀርባል፤ ከአንዱ ድስት ያልበላ እንግዳ አላመሰገነም የሚል የለም። አዴ ከሥጋችን አንድ ቀን ሳይቀምሱ ከእኛ ቤት ሰው ሁሉ ይበልጥ ቤታችንን ያመሰገኑ ሰው ናቸው። ታዲያ «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ያለውን ወዲያው የምናከብር፣ «ሐኪሜ አይፈቅድልኝም» ያለውን ለምን እንለምነዋለን? ለምንስ በገዛ ሞታችን እናስምለዋለን? መንገዱን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። አባቶቻችን ለእምነት ያበጁትን መሹለኪያ ለጤናም ማስፋት ነው።

ምስጋናም ቢሆን ለሳህኑ አይደለም፤ ለሰዪቱ ነው። ያን እሑድ እናቴ ያቀረበችውን ሃያ ሰው ሲበላ፣ እሷ እህል በአፏ ያደረገችው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ከእህቴ በስተቀር አልነበረም። በየቤቱ እንዲሁ ነው። ደጋ ስለሆነ ማድ ቤቱ ጥፍንግ ተደርጎ ይዘጋል፤ ጭሱ መውጫ የለውም፤ ሴቶቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ዓይናቸውና ሳንባቸው ይጨሳል። እኛ በላን፣ አመሰገንን፣ እጃችንን ታጠብን፤ እነሱ «ለጤና ያድርግላችሁ» አሉን። የእነሱን ጤናስ ማን ይመርቅ? ክኒን የሚውጥ ሰው በሰዓቱ መብላት አለበት። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት፣ ሌላ ዘመድ ሲመጣ፣ አባቴ አንድ አዲስ ሥርዓት አወጣ፦ መጀመሪያ እናቴ ትቀመጥ፣ ክኒኗን ይዛ፤ እንግዳው ደግሞ ከእሷ ጋር ይቁረስ። እህቴ ዕረፍት አገኘች፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ እንጀራ አመላለስን፤ ቡናውን ወንድሜ አፈላው። ቀጠነ። ቢሆንም ተጠጣ።

አያቴ ተነስተው ሲመርቁ እንደ ልማዳቸው ዓመት ዓመት ያድርሰን ብለው ጀመሩ። ከዚያም «አመመኝ የሚልበት አንደበት፣ እምቢ የሚልበት ወኔ ይስጣችሁ» ብለው ጨመሩበት። አሜን አልን። ይህን ምርቃት ከሌላ ሽማግሌ ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፈተና አልቆ ለበዓል ወደየአገራችን ስንበታተን የሁላችንም ቤት እንዲህ ነው። እናቶቻችን «ተመስገን» ብለው ይቀበሉናል። ምስጋናቸውን እንቀበል፤ ግን በዚያ አናቁም። ከተመስገኑ በኋላ «ሌሊትስ ስንቴ ትነሻለሽ? ውሃ ይጠማሻል? መቼ ተለካሽ?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ ሕክምና ማጥናት አያስፈልግም። ክኒን ያለው ሰው በማዕዱ ላይ ካለ «በሞቴ» የሚለውን ቃል እንተውለት፤ «በሕይወቴ» ብንለው ምን ይለናል? ራሳችንም ብንሆን ከጥሬው ጥብሱን፣ ከሦስተኛው ጉርሻ ወሬውን ብንመርጥ የተቀየመ ዘመድ በማግስቱ ይታረቀናል። ጨጓራ ግን ቂመኛ ነው።

እናቴ አሁንም በስልክ ስጠይቃት መልሷ «ተመስገን» ነው። ቀጥላ ግን «ጧት 138 ነበር» ትለኛለች።